የሰፈር ስም ስንት ያወጣል?

የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ በዘመናችን በብዛት ከሚነበቡት የአማርኛ ጽሑፎች አንዱ ነው ብል፣ ውድ አንባቢያን፣ በማጋነን የምትከሱኝ አይመስለኝም። ልብ ወለድ የማይገዛ ሰው ማስታወቂያ ያነባል፤ ከግጥም የሚሸሽ ሰው «የቅንጦት አፓርትመንት በከተማዋ እምብርት» የሚለውን ሐረግ በቃሉ ያውቀዋል። የቀን እንጀራዬ ከባንክ መስኮት ጀርባ፣ የማታ ፍቅሬ ደግሞ ከቃላት ጋር ስለሆነ፣ እኔ እነዚህን ማስታወቂያዎች በሁለት ዓይን እመለከታቸዋለሁ። አንዱ ዓይኔ ዋጋውን ይቆጥራል፤ ሌላው ቃሉን ይመዝናል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስቆመኝ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አለ። ቤቱ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ደረጃ ነው፤ ዱፕሌክስ ይሉታል። ደረጃው ከቤቱ ውስጥ ነው፤ ከታች ሳሎን፣ ከላይ መኝታ፣ ከመኝታውም በላይ ከተማዋን ቁልቁል የሚያሳይ ሰገነት አለው። የእብነ በረዱ ዓይነት፣ የሊፍቱ ብዛት፣ የመኪና ማቆሚያው ስፋት፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። ከሁሉ በላይ፣ በትልቁና በደማቁ ፊደል የሚጻፈው ግን የሰፈሩ ስም ነው። ፒያሳ ይላል። ካዛንቺስ ይላል። ለገሃር ይላል። ከስሙም ፊት «ታሪካዊው» የሚል ቅጽል ይቀድማል።

ጥያቄዬ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እብነ በረዱን ባለቤቱ በገንዘቡ አስመጥቶታል፤ ብረቱንና ሲሚንቶውን ገዝቶታል፤ ለመሬቱ ሊዝ ይከፍላል። ታሪኩንስ ከማን ገዛው?

የምኖረው ጎሮ ነው፤ ከቦሌ በስተ ምሥራቅ፣ ትናንት የእርሻ ማሳ በነበረ ሜዳ ላይ። ጎሮ በሚለው ስምና ጓሮ በሚለው ቃል መካከል ያለው ቅርበት የድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሥርወ ቃል ለመተንተን አልተነሣሁም። ለጆሮዬ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ሹክ ይለኛል። ፒያሳ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ከተማዋ አደባባይና ጓሮ አላት፤ እኛ ከጓሮው በኩል ነን። በጓሮውም አፓርትመንት ይሠራል፤ በጓሮውም ዱፕሌክስ ይሸጣል። ነገር ግን የእኛ ሰፈር ማስታወቂያ ስለ ሰፈሩ አይናገርም፤ ሌላ ሰፈር ይጠራል። «ከአየር ማረፊያው በቅርብ ርቀት» ይላል፤ «ለቦሌ አጎራባች» ይላል፤ «ዋናው አስፋልት ዳር» ይላል። በእኛ ዘንድ የሚሸጠው ቅርበት ነው። የፒያሳና የካዛንቺስ ሻጭ ግን ቤቱ ለማን ቅርብ እንደሆነ ለመናገር አይገደድም። ስሙን መጥራት ብቻ ይበቃዋል።

በባንክ ቤት ቋንቋ ላስረዳ። ለብድር መያዣ የሚሆን ቤት ሲገመት የግንባታው ደረጃ፣ የተሠራበት ዕቃ፣ የወለሉ ስፋት ይጻፋል፤ ቀጥሎ ቦታው ይመጣል። በአንድ ንድፍ፣ በአንድ ዓይነት ብረትና ሲሚንቶ የተሠሩ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ ጎሮ ሌላው ካዛንቺስ ቢቆሙ ዋጋቸው አይገናኝም። ልዩነቱን ያመጣው ቦታው ነው እንላለን። ቦታ ማለት ግን ምንድን ነው? በከፊል መንገድ ነው፣ ውኃና መብራት ነው፣ ለመሥሪያ ቤት መቅረብ ነው። የቀረው ክፍል ግን በመሐንዲስ ሜትር የማይለካ ነገር ነው። ሰው ያንን ስም ሲሰማ ከስሙ ጋር አብሮ የሚሰማው የትዝታ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ዋጋ አለው፤ ባይኖረውማ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ባልተጻፈ።

የሒሳብ መዝገብ የመጀመሪያ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ዴቢት ክሬዲት አለው የሚል ነው። አንድ ሀብት በአንዱ ወገን ሲመዘገብ፣ ከየት እንደመጣ በሌላው ወገን መጻፍ አለበት። የሰፈሩ ስም በሻጩ ወገን እንደ ሀብት ተመዝግቦ፣ በሌላው ወገን ምንም ሳይጻፍ ከቀረ፣ ያ መዝገብ አልተመዛዘነም። በሥራዬ የማውቀው ነገር ቢኖር፣ ያልተመዛዘነ መዝገብ ተዘግቶ እንደማያድር ነው።

እስቲ የካዛንቺስን መዝገብ እንግለጠው። ስሙ ጣልያን ሀገራችንን ወርሮ በቆየባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የተወለደ ነው። ለመንግሥት ተቀጣሪዎች ቤት የሚሠራው የጣልያን ብሔራዊ ተቋም በምኅፃረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ» ደግሞ ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» በአዲስ አበቤ አንደበት ተሞርዶ ካዛንቺስ ሆነ። ካዛንቺስ ማለት እንግዲህ ቃል በቃል የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ማለት ነው። ወራሪው ይህን ሰፈር ያሰበው ለራሱ ጸሐፊዎችና ሒሳብ ሠራተኞች ነበር። የፋሺስቱ የከተማ ዕቅድ ጣልያናዊውና «ተወላጁ» ተለያይተው እንዲኖሩ የሚያዝ ስለነበር፣ ኢትዮጵያዊ በዚያ ሰፈር ጎረቤት ይሆናል ተብሎ አልታሰበም።

ከድል በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሀበሻ ስሙንም ሰፈሩንም የራሱ አደረገው። ሰፈሩ በታላቁ ቤተ መንግሥትና በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ጎረቤትነት አደገ፤ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቆ የአህጉሩ መሪዎችና ዲፕሎማቶች በአጠገቡ ሲመላለሱ አየ። በዚያው ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ ጠጅ ቤት ነበረ፤ ሥጋ ቤት ነበረ፤ የአዝማሪ ቤት ነበረ። ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ ስሙ ከሀገር ውጭ የተሰማው የፈንዲቃ የባህል ማዕከል ያደገው በዚህ ሰፈር ነው። መገለልን ለማወጅ የመጣ ስም የመቀላቀል ስም ሆነ። ይህን ያደረገው አዋጅ ወይም የግንባታ ድርጅት አልነበረም። ሰባና ሰማንያ ዓመት ሙሉ በዚያ ጎዳና የተመላለሰ፣ የተጣላ፣ የታረቀ፣ ልጅ የዳረና ሬሳ የሸኘ ሰው ነው።

የፒያሳም መዝገብ ከዚህ አይለይም። ቀድሞ አራዳ ነበር፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች የከተማዋ ታላቅ ገበያ የሚውልበት ስፍራ። ጣልያን ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ሲመሠርት፣ አራዳ ፒያሳ የሚል ሁለተኛ ስም ተረፈው። ከዚያ በፊት የአርመንና የህንድ ጠራቢዎችና አናጢዎች ከሀገሬው ሠራተኛ ጋር ሆነው ባለ እንጨት ሰገነት ፎቆችን አቁመውበት ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን አሠርተውበት ነበር። በዙሪያው ያሉትን መንደሮች ስም ደግሞ ልብ በሉ፤ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር። እነዚህን ስሞች ያወጣ የስም አውጪ ኮሚቴ የለም። እያንዳንዱ ስም አንድ ሙሉ ታሪክ በሁለት ቃል ጨምቆ የያዘ ነው፤ እኛ ግጥም ጻፊ ነን ባዮች በሁለት ገጽ የማንችለውን። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ከውቤ በረሃ ሌሊቶች ላይ ቆሞ ነው። የዚያ ሰፈር ስም በአንባቢ ጆሮ ዛሬም የሚደወለው፣ ሰክረው ያደሩ፣ ተክዘው ያነጉ፣ ገላቸውን ሸጠው የኖሩ ሰዎች ስላቆሙት ነው። ማስታወቂያው «ታሪካዊ» ሲል እነሱን እየጠራ መሆኑን ሻጩ ያውቅ ይሆን?

ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። ሰፈረ ማለት አረፈ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው፤ ሰፈረ ማለት ደግሞ እህል ለካ ማለትም ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከሁለቱም ትርጉም የሚቀዳ ነገር ነበራት። ራሱና ደጃዝማቹ ጉብታ ላይ ግቢያቸውን ይተክላሉ፤ ወታደሩ፣ ባለ ሙያው፣ አገልጋዩ ዙሪያውን ይሰፍራል። ፍትሐዊ ሥርዓት ነበር አልልም፤ ጌታና ሎሌ ነበሩ። ይሁን እንጂ ያ አሰፋፈር ለከተማዋ አንድ ጠባይ አወረሳት። ባለጸጋና ድኻ በአጥር ተለይተው ኖሩ እንጂ በአውቶቡስ ጉዞ ተለይተው አልኖሩም። የቪላው ልጅና የጭቃ ቤቱ ልጅ በአንድ ሜዳ ኳስ ይራገጣሉ፤ የትልቁ ቤት እመቤትና እንጀራ ጋጋሪዋ በአንድ ዕድር ይቀበራሉ። የአዲስ አበባ ደረጃ በመሬት ላይ የተዘረጋ ነበር። ዛሬ የምንሠራው ከተማ ያንን ደረጃ ከመሬት አንሥቶ ወደ ሰማይ ያቆመዋል፤ በሊፍትም ይዘጋዋል።

ደረጃ በአማርኛ መወጣጫም ነው፣ ማዕረግም ነው። ድኻው ደረጃ የሚወጣው ከቤቱ ውጭ ነው። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም፤ ውኃ የጠፋ ዕለት ጀሪካኑ በትከሻ ይወጣል፤ የፋሲካው በግ እየተጎተተ ይወጣል፤ አስከሬን በአራት ሰው ትከሻ፣ በጠባቡ መታጠፊያ ላይ ዘንበል እየተደረገ፣ ይወርዳል። በዚያ ደረጃ ላይ ግን ሰው ከሰው ይገናኛል። ዱፕሌክሱ ደረጃውን ወደ ቤቱ ውስጥ አስገባው። አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚወጣውና የሚወርደው፣ ማንም ከማንም ጋር «እንዴት አደርክ» የማይባባልበት ደረጃ። የድሮው የፒያሳ ፎቅም ባለ ብዙ ደረጃ ነበር፤ ሆኖም ከታች ሱቅ ነበረው፣ ሰገነቱም ወደ መንገዱ ያይ ነበር። ከላይ ያለው ሰው ከታች የሚያልፈውን በስሙ ይጠራው ነበር። ልዩነቱ በከፍታው አይደለም፤ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ነው።

እዚህ ላይ «ይኸ ሰው የጭቃ ቤት ናፋቂ ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለሁም። ያደግሁት ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ነው። ክረምት ሲገባ በየጥጉ ሳፋ የሚደቀንበትን ቆርቆሮ፣ ለዐሥራ ምናምን አባወራ አንድ የሆነውን መጸዳጃ፣ ጎረቤት ሲያስል ከግድግዳው ወዲህ የሚነቃውን ሕፃን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። ድህነት ቅርስ አይደለም። እነዚያ ቤቶች ራሳቸው ሌላ ዕዳ ያለባቸው ነበሩ፤ ብዙዎቹ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከባለቤቶቻቸው የተወሰዱ ናቸው። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩ ዝቅ ሲል እድሳቱም አብሮ ተረሳና ቤቶቹ በተከራዮቻቸው ላይ አረጁ። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ «ሰፈሩ የእኔ ብቻ ነበር» ሊል አይችልም። የአዲስ አበባ መሬት ላይ ዕዳ በዕዳ ተደራርቧል። የዕዳው መደራረብ ግን የመጨረሻው ተረካቢ ከዕዳ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የተደራረበውን ሁሉ የሚረከበው እሱ ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፒያሳ ነባር መንደሮች መፍረስ ጀመሩ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ፈንዲቃም ያደገበትን ግቢ ለቀቀ። የካዛንቺስ ሰው ከፊሉ ወደ ገላን ጉራ ሄደ፣ ከፊሉ በየአቅጣጫው ወዳሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ተበተነ። ብዙዎች ከቀድሞው የተሻለ ግድግዳና የራሳቸው መጸዳጃ አግኝተዋል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። እናቴም ከእኔ ጋር ጎሮ መኖር ጀመረች። የቧንቧ ውኃው ከቤት ውስጥ ስለሚመጣ ደስተኛ ናት። አንድ ነገር ግን አልተስማማትም፤ ዕድሯ።

የእናቴ ዕድር ድንኳን ነበረው፣ ወንበር ነበረው፣ ብረት ድስትና ጀበና ነበረው። ሰዉ ሲነሣ ዕቃው የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። ድንኳኑን አንድ አባል በአዲሱ ግቢው አስቀመጠው፤ ብረት ድስቱ ሌላ ጋ ሄደ። አባላቱ መዋጮውን አላቋረጡም። እናቴ በየወሩ፣ በስልኳ፣ ዛሬ በሌለ ሰፈር ስም ለሚጠራ ዕድር ገንዘብ ትልካለች። ባለፈው ዓመት አንዲት የቀድሞ ጎረቤታችን ሲያርፉ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ቀይረን ስንደርስ ድንኳኑ ገና ከከተማዋ ሌላ ጫፍ በአይሱዙ እየመጣ ነበር። ለቀስተኛው ቆሞ ጠበቀው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት ጎረቤቱ ራሱ ሲርቅ ምን እንደሚባል አያስተምርም። በአዲሱ ግቢ ሌላ ዕድር አለ፤ እናቴም ተመዝግባበታለች። «እነዚህ ሰዎች ይቀብሩኛል» ትላለች፤ «እነዚያ ግን ያለቅሱልኛል።»

ማስታወቂያው «ታሪካዊ ሰፈር» ሲል የሚሸጠው እንግዲህ ይኸንን ነው። ድንኳኑ በአይሱዙ የሚጓጓዝበትን፣ ሴቶቹ በስልክ የሚጠራሩበትን ነገር፤ ሰዎቹን ቀንሶ፣ ስሙን አስቀርቶ።

ገዢውስ ማን ነው? ካዛንቺስ የተቀጣሪዎች ቤት ማለት ነው ብለናልና በተቀጣሪ ሒሳብ እናስላው። ለምሳሌ ያህል አንድ እንዲህ ያለ ቤት 20 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። አንድ ተቀጣሪ ሳይበላ፣ ሳይለብስና ግብር ሳይከፍል በየወሩ 20 ሺህ ብር ቢያስቀምጥ፣ ዋጋው ሳይጨምር ቢጠብቀው እንኳ፣ 1,000 ወር ይፈጅበታል፤ 83 ዓመት ከ4 ወር። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከተፈጠረ ገና ከዘጠና ዓመት አይበልጥም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የብር ቁጠባ ከዶላር ጋር መሮጥ አልቻለም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ሕግ የውጭ ዜጎች ቢያንስ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር አውጥተው ቤት እንዲኖራቸው ፈቅዷል። እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ወራሪ በዘር አጥር ለሌላ ሰው የከለከለውን፣ እኛ ደግሞ ቀላቅለን የጋራ ያደረግነውን ሰፈር፣ አሁን በዋጋ አጥር መልሰን እየከፈልነው ነው። ያኛው አጥር ሽቦና ወታደር ነበረው። ይኸኛው በማስታወቂያ ላይ በሚያምር ፊደል የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይጮህበትም።

በዚህ ችግር የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ሩት ግላስ የተባለች የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር፣ የለንደን የሠራተኛ ሰፈሮች አንድ በአንድ በባለጸጎች ሲያዙ ተመልክታ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 «ጀንትሪፊኬሽን» የሚል ስም አውጥታለታለች። ፈረንሳዮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሕግ፣ ከተወሰነ የሕዝብ ቁጥር በላይ ያላቸው ከተሞች ካላቸው ቤት ከመቶ 20 እጁ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በተመጣጣኝ ኪራይ የሚሰጥ እንዲሆን ደነገጉ፤ በኋላም ቁጥሩን ለብዙዎቹ ወደ 25 አሳደጉት። ቅጣት እየከፈሉ ሕጉን የሚሸሹ ሀብታም ከተሞች አሉ። ሆኖም ሕጉ አንድ ነገር በጽሑፍ አስቀምጧል፤ የከተማ መሐል የባለጸጋ ብቻ ርስት አይደለም የሚል።

ለእኛም ቢሆን ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የለገሃሩ ታላቅ ግንባታ መሠረት ሲጣል፣ በስፍራው የሚኖሩ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሳይሄዱ እዚያው አዲስ ቤት እንዲያገኙ እንደሚደረግ በይፋ ተነግሮ ነበር። አሮጌው የባቡር ጣቢያም በአዲሶቹ ሕንፃዎች መካከል እንደ ቅርስ እንዲቆይ ታስቧል። ይኸ ሐሳብ ለድንጋዩም ለሰውም ቦታ አለው፤ ትክክልም ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ጣቢያውን ሠርቶ ሰፈሩን «ለገሃር» ብሎ መጥራት የቻለ ሕዝብ ከጣቢያው እኩል ቅርስ ነው። ቅርስ ተብሎ የሚጠበቅ ግንብና ቅርስ ተብሎ የማይጠበቅ ሰው ባለበት ከተማ ግንቡም ብዙ አይቆይም፤ ስለ እሱ የሚነግር አይኖርምና።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። የሰፈሩን ስም ለዋጋ መጨመሪያ የሚጠቀም ሁሉ ለስሙ ባለቤቶች ድርሻ ይክፈል። ድርሻው ምጽዋት አይደለም፤ የተገዛ ዕቃ ዋጋ ነው። በ«ታሪካዊው ካዛንቺስ» ስም መቶ ቤት የሚሸጥ፣ ከመቶው ሃያውን በዚያ ስፍራ ለኖሩት በሚችሉት ዋጋ ያቅርብ። ይህ ከከበደው፣ ከሕንፃው ግርጌ ቢያንስ አንድ አዳራሽ ለቀድሞዎቹ ዕድሮች ይተው፤ ድንኳናቸውንና ብረት ድስታቸውን ያስቀምጡበት፣ በወር አንድ ጊዜ ቡና አፍልተው ይገናኙበት። በኮንዶሚኒየም ግቢ ለእርድ፣ ለሠርግና ለለቅሶ የጋራ ቤት ሠርተን እናውቃለን፤ በቅንጦት ሕንፃ ግርጌ ለምን አይቻልም? ይኸም ከከበደው፣ «ታሪካዊ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው ይፋቅና በእብነ በረዱ ብቻ ይሽጥ። እብነ በረዱን በእርግጥ ከፍሎበታል።

«ገበያ እንዲህ አይሠራም» ትሉኝ ይሆናል። ገበያ ግን ያለ ዋጋ የሚወስደው ነገር ሲያገኝ ዝም ብሎ መውሰዱ ያለ ነው፤ ዋጋ እንዲኖረው የሚያደርገው ሕግና ጩኸት ነው። አንድ የዘፈን ግጥም ያለ ደራሲው ፈቃድ በማስታወቂያ ላይ ቢውል ደራሲው ይከሳል፤ የቅጂ መብት አለው። አንድ ሰፈር ግን፣ ሺህ ደራሲዎች በጋራ፣ በትውልድ ርዝማኔ የደረሱት ድርሰት ሆኖ ሳለ፣ መብት የለውም። ደራሲዎቹ ስማቸውን አልፈረሙበትማ።

እናንተ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የምትገቡትም በዚህ በኩል ነው። ሕግ የምናወጣ አይደለንም፤ ሕንፃም አንሠራም። መመዝገብ ግን እንችላለን። ያደጋችሁበት ሰፈር ፈርሶ ከሆነ የመንገዶቹን ስም ጻፉ። የዳቦ ቤቱን ባለቤት የቅጽል ስም ጻፉ፤ የትኛው ግንብ ሥር ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን በምን እንደሚጣላ፣ የለቅሶ ጥሩንባ ማን እንደሚነፋ ጻፉ። የተጻፈ ነገር በሌለበት «ታሪካዊ» የሚል ባዶ ቃል ብቻ ይቀራል፤ ባዶ ቃል ደግሞ ለማንም ይሸጣል። የተጻፈ ነገር ባለበት ግን ያ ቃል ባለቤት ያለው ይሆናል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ከግንብ ሥርም መቀበር የለበትም።

እነሆ ለማሰሪያ ያህል፣ በምሳ ሰዓት ከመስኮቴ ጀርባ የጫርኋት፦

ደረጃው እዚህ ነው፣ ቤቱም እዚህ አለ፤
ሰላም የሚል ደጁ፣ የት ሀገር ተጣለ?
ስሙ በውድ ዋጋ፣ ከግንቡ ላይ ተጽፎ፣
ባለስሙ ቀረ፣ ከጓሮው ተሰልፎ።
እናቴ በስልኳ፣ ጎረቤት ስትጠራ፣
ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ሲኒው በየተራ።
ዋጋውን ስትጽፈው፣ አንድ መስመር ጨምር፤
ስም ላቆዩት ሰዎች፣ የሚከፈል ብድር።